«ቤቶች!» ብሎ መጣራት፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ ቤት ለቤት ለምትሄድ ነርስ

ለቤት ለቤት ጉብኝት ከጤና ጣቢያው ስወጣ መጀመሪያ የማነሳው ዱላዬን ነው፤ ቦርሳው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የመንዝን ውሻ የሚያውቅ ሰው አይስቅብኝም። በተማርኩበት መጽሐፍ ውስጥ ስለ ውሻ አንድ መስመር አልነበረም፤ እኔ ግን አዲስ ተመርቀው ለሚመጡልን ልጆች በመጀመሪያው ቀን የማወራው ስለ እሱ ነው። ውሻ ያለበት ግቢ ዘው ተብሎ አይገባም። ከሩቅ ቆመሽ «ቤቶች!» ትያለሽ፤ ባለቤቷ ወጥታ ውሻውን እስክትይዝልሽ ትጠብቂያለሽ። በዚያች ቆይታ ዓይንሽ የሚሰበስበው የጉብኝቱ እኩሌታ ነው።

(«አንቺ» እያልኩ ስጽፍ ወንዶቹ ነርሶች ይቅር ይበሉኝ። ወደ እኔ የሚመደቡት ሴቶች ስለሚበዙ ለምዶብኝ ነው።)

ቆመሽ ምን ታያለሽ? ወደ መጸዳጃ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ እዪ። መሬቱ ተረግጦ ነጭ ከሆነ ቤተሰቡ ይጠቀምበታል፤ ሣር ከበቀለበት ጉድጓዱ የተቆፈረው ለሪፖርት ነው። የኩበቱን ክምር እዪ፤ እንጨት በሌለበት አገር ክምሩ ትልቅ ከሆነ የቤቱም ጭስ የዚያኑ ያህል ነው። ልጆቹ ሮጠው ሲወጡ ዓይናቸው ላይ ዝንብ አርፎ እነሱ እጃቸውን እንኳ ካላነሱ፣ ዓይን ስለሚያሳውረው ትራኮማ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግሽም። ከብቶቹ የሚገቡት በየትኛው በር ነው? ከሰዎቹ ጋር በአንድ በር ከሆነ እሱንም ያዢ። ገና አንድ ቃል ሳትናገሪ ይህን ሁሉ አውቀሻል፤ ብትጠይቂ ኖሮ ግን ግማሹን አይነግሩሽም ነበር፣ ሰው ለእንግዳ ቤቱን አያማም።

የኅብረተሰብ ጤና ነርስነት ከሆስፒታል ክፍል ነርስነት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በክፍል ውስጥ ታማሚው አልጋው ላይ ያለው ሰው ነው። እዚህ የምትመረምሪው ቤቱን፣ ከዚያም ጎጡን ነው፤ ሳል የያዘው ልጅ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሐሳቡ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ሠራተኛውን በአንድነት ያሰለጥን የነበረው ሦስቱ አንድ ቡድን ሆነው እንዲሠሩ ነው፤ አንዱ በሽተኛውን፣ አንዷ ቤተሰቡን፣ አንዱ ውሃውንና ጉድጓዱን ይይዛል። ከ1995 ዓ.ም ወዲህ በየጤና ኬላው የተመደበችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሦስቱንም ሥራ በአንድ ጀርባ ተሸክማለች። ስለዚህ ወደ ቀበሌዋ ስትሄጂ እንደ ተቆጣጣሪ አትሂጂ። መንገዱን፣ የውሾቹን ጠባይና የአማቶቹን ኩርፊያ የምታውቀው እሷ ናት። አስቀድሚያት፣ አንቺ ከኋላ ተከተዪ።

ቀኑንና ተራውን ስለ መምረጥ

በሥራ ቀን ሄደሽ ባዶ ቤት ብታገኚ ጥፋቱ ያንቺ ነው። እዚህ አገር ሰው ቤቱ የሚገኘው ሞፈር በማይነካበት ቀን ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ቅዳሴ እስኪወጣ ጠብቀሽ ከሄድሽ ባልም ሚስትም አማትም በአንድ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁሻል። የገበያን ቀን ተዪው። አውድማ የሚወቃበትንም ሰሞን ተዪው፣ ወይም አውድማው ድረስ ሂጂ።

በአንድ ቀን ብዙ ቤት የምትገቢ ከሆነ ተራውን የሚወስነው የመንገዱ ቅርበት አይደለም። መጀመሪያ ጨቅላና አራስ ያለበት ቤት፣ ቀጥሎ ነፍሰ ጡሯ፣ ከዚያ ግፊት ወይም ስኳር ያለባቸው ሽማግሌዎች፣ መጨረሻ ላይ የሚያስለው ሰውና እከክ የያዛቸው ልጆች። ዳገቱን ሁለት ጊዜ መውጣት ቢያስፈልግሽ እንኳ ውጪ እንጂ ከእከክ ቤት ተነሥተሽ አራስ ቤት አትግቢ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከእኔ ጋር የተከራከረ ሁሉ ጉልበቱን እየቆጠበ እንደሆነ አውቃለሁ።

ቦርሳው

ቦርሳው ራሱ በሽታ እንዳያመላልስ ሥርዓት አለው። እላዩ ላይ ሳሙናና ፎጣ ይቀመጣል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚወጡት እነሱ ናቸው። ከሥር ቴርሞሜትር፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የሚንጠለጠል ሚዛን፣ የክንድ መለኪያ ጥብጣብ፣ ጓንት፣ አልኮል፣ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት፣ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከረጢቶችና ዚንክ ይቀመጣሉ። ሰኮንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓትም እንዳይረሳ። በቤቱ ጠረጴዛ ስለማይኖር ቦርሳሽን መደቡ ላይ ፕላስቲክ ዘርግተሽ አስቀምጪው። ወለሉ ላይ አይሆንም፤ ጥጃውም ዶሮውም እዚያው ናቸው። እጅሽን ታጥበሽ የሚያስፈልግሽን በሙሉ አንዴ አውጪና ቦርሳውን ዝጊው። ሥራሽን ስትጨርሺ የተጠቀምሽበትን አጽጂ፣ እንደገና ታጠቢ፣ ከዚያ መልሺ። በየመሀሉ እጅ የሚገባበት ቦርሳ ከሆነ ወደሚቀጥለው ቤት ባትወስጂው ይሻላል።

እጅ መታጠቡን ደግሞ ሥራ አድርጊው። በእኛ ባህል ለእንግዳ ውሃ የሚያፈስለት ልጅ አለ። «እስቲ አስታጥበኝ» በዪው። ጣሳውን ይዞ ይመጣል፣ ያፈስልሻል፣ አንቺም ቀስ ብለሽ በጣቶችሽ መካከል፣ በጥፍርሽ ሥር፣ እስከ አንጓሽ ድረስ እያሸሽ ትታጠቢያለሽ። ቤተሰቡ በሙሉ ያይሻል። ስትጨርሺ ሳሙናውን ለልጁ ስጪውና አንቺ አፍሺለት። ስለ እጅ መታጠብ በቃልሽ መናገር ከዚህ በላይ አያስፈልግሽም።

ገብቶ ስለ መቀመጥ

አራስ ቤት ስትገቢ ከቴርሞሜትሩ በፊት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው የሚባለው። ይህን ያላለች ነርስ እጇ ወርቅ ቢሆንም አትወደድም። ተቀመጪ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ በጎቹ ጠይቂ። ቅጽሽን ከቦርሳ አታውጪ፤ ወረቀት ሲያይ ሰው የሚመልሰው ወረቀቱ የሚፈልገውን ነው። ቡናውንና ቆሎውን ተቀበዪ። አረቄ ቢቀርብ «ሥራ ላይ ነኝ፣ ለበዓሉ ያድርስልኝ» በዪ፤ ማንም አይቀየምሽም። በቤቱ የሚወስነው ማን እንደሆነም እስከዚያው ይታወቅሻል። ብዙ ጊዜ አራሷም ባሏም አይደሉም፤ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው እሳቱን የሚቆሰቁሱት አማት ናቸው። ምክርሽን ለእሳቸው ካልነገርሽ ለግድግዳ ነው የነገርሽው።

ይህን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ባለ አንድ መንደር የአንድ ቀን ጨቅላ ልጠይቅ ሄድኩ። ቤቱ በኩበት ጭስ ተሞልቶ ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ። በትምህርት ቤት «ቤት አየር ማግኘት አለበት» ተብዬ ስለነበር በሩንም ትንሿንም መስኮት አስከፈትኩ፣ ተከፍተው እንዲውሉም አዘዝኩ።

«ብርዱ ይገባል እኮ፣ ልጄ» አሉኝ አማቲቱ።

«ግድ የለም እማማ፣ ንጹሕ አየር ለሕፃኑ ይበጀዋል» አልኳቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ ዝም አሉ።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ ልጁ ዝም ብሏል። እግሩን ስነካው የድንጋይ ያህል ቀዝቅዟል፤ ጡት ሲሰጡት ሁለቴ ይስብና ይተዋል። ብብቱ ላይ ለካሁት፣ 35.1 ነው። የጨቅላ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 መሆን አለበት፤ ከ35.5 ሲወርድ የአደጋ ምልክት ነው። ልብሱን አውልቄ ከኮፍያውና ከጨርቁ በቀር ራቁቱን በእናቱ ጡቶች መካከል ገላ ለገላ አስተኛሁት፣ አማቲቱ ባናቸውን ከላይ ጣሉበት፣ በሩ ተዘጋ። ጎረቤት ተጠርቶ ቃሬዛው እስኪዘጋጅ አንድ ሰዓት ያህል አለፈ። ስንነሣ 36 ደርሶ ነበር፤ ከደረቷ ሳይወርድ በዚያው እንደታቀፈችው እናትና ልጅን በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ልጁ ተረፈ። አማቲቱ «ብርዱ ይገባል አላልኩሽም ወይ?» ቢሉኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ አላሉኝም። በሰባተኛው ቀን ስሄድ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ።

ታዲያ ጭሱስ? ጭሱ የልጆችን ሳንባ እንደሚጎዳ እውነት ነው፣ የመጽሐፉ ምክር ግን ለሌላ አገር ቤት የተጻፈ ነው። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፦ እንጀራ የሚጋገረው ፀሐይ ከሞቀች በኋላ በሩ ተከፍቶ ይሁን፤ በዚያ ሰዓት እናትና ልጅ ነፋስ በማይመታበት ጥግ ፀሐይ ላይ ይሁኑ፣ ወይም ጎረቤት ትጋግርላት። ሌሊት ልጁ የሚሞቀው በእናቱ ገላ እንጂ በእሳት አይደለም። ፍም ብቻ ቀርቷል ብለው ቤቱን ግጥም አድርገው ዘግተው እንዳይተኙም አስጠንቅቂ፤ ጭስ የሌለውም ፍም ይገድላል። ከብቶቹንም በአንድ ቀን አታስወጪያቸው። ለዚያ ቤት ሙቀትም ናቸው። በመካከል ዝቅተኛ የድንጋይ ግንብ፣ ሲቻል ደግሞ የራሳቸው በር፤ ይህ የሚሆን ነገር ነው።

ጨቅላውን ስትመረምሪ

አራስን የምትጎበኚው በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሰባተኛው ቀንና በስድስተኛው ሳምንት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማንም አይተካቸውም። ጡት ሲጠባ ቁጭ ብለሽ እዪ፤ «ይጠባል» የሚለውን መልስ ብቻ ይዘሽ አትውጪ። ትንፋሹን ልጁ ሳያለቅስ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥረሽ በሁለት አታባዢ፤ ጨቅላ ትንፋሹን ቆም ስለሚያደርግ ያስትሻል። ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። አለመጥባት፣ መንቀጥቀጥ፣ የደረት ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ ትኩሳት ወይም ቅዝቃዜ፣ መፍዘዝ፤ ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ቡናው ይቅርና ሪፈራል ጻፊ።

እትብቱ ላይ ቅቤ አይቀባም፤ ጤና ኬላው ከሰጠው ቅባት በቀር ምንም አይነካውም። ገላውን ከ24 ሰዓት በፊት አይታጠብ። ስለ እንገር ግን ክርክር አያስፈልግሽም። ገበሬውን ጠይቂው፦ «ጥጃ እንገሩን ካልጠባ ምን ይሆናል?» «ይሞታል፣ ወይም ኩንስንስ ብሎ ይቀራል» ይልሻል። ከዚያ ዝም በዪ። ራሱ ወደ ሚስቱ ዞሮ ያያል።

የክትባትን ቀን ስትነግሪ በክርስትናው ቁጠሪ። እዚህ አራስ እስከ ክርስትና ከቤት አትወጣም። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ስለሚነሣ የስድስት ሳምንቱ ክትባት፣ ማለትም 42ኛው ቀን፣ ከክርስትናው በሁለተኛው ቀን ይውላል፤ ይህ ቀላል ነው። ሴት ልጅ ግን በ80 ነው የምትነሣው። እናቷ 80ን ከጠበቀች የ42ኛውም የ70ኛውም ቀን ክትባት ያልፋታል። ስለዚህ ሴት ልጅ በተወለደችበት ቤት ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ፣ ወይም ክትባቱን አንቺ ወደ ጎጡ ይዘሽ ውጪ። ስትወጪም «አገሩ ቀዝቃዛ ነው» ብለሽ በረዶውን ከማቀዝቀዣ እንዳወጣሽው ከክትባቱ ጋር አታሽጊ። ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ እስክትሰሚ ጠብቂ። ፔንታቫለንት፣ ማለትም አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚፈልገው፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ውሃ ነው የምትወጊው።

የትኩሳት ጥያቄ

በደጋ ላይ ትኩሳት ያለበት ሰው ስታገኚ የሳንባ ምች፣ ተስቦ፣ ጉንፋን እያልሽ ከመደርደርሽ በፊት «ባለፈው ወር የት አድረህ ነበር?» በዪው። ጣርማ በር ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ቁልቁለቱን በደብረ ሲና ጨርሰሽ ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነሽ፣ የወባ አገር። የደጋው ሰው ለቀን ሥራ ይወርዳል፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ሰሞን በተለይ፣ ያድራል፣ ይመለሳል። ትኩሳቱ የሚነሣው ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ እቤቱ ነው፤ ሰፈሩም «ምች መታው» ይላል። ፈጣን ምርመራው የጣት ጠብታ ደም ነው፣ ወደ ጤና ኬላ ላኪው። ሊወርድ ለተዘጋጀው ወንድሙም ስለ አጎበር ያን ጊዜውኑ ንገሪው።

ተቅማጥ ላለበት ልጅ አንዱ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። መለኪያ ስለማይኖር የአንድ ሊትር ሃይላንድ ፈልጊ፣ እናትየው ራሷ ትበጥብጠው። ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ በየተቅማጡ 50–100 ሚሊ ሊትር፣ የቡና ስኒ ያህል ማለት ነው፤ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ይሞላል። ከስድስት ወር እስከ 59 ወር ያለውን ልጅ ግራ ክንዱን ለኪ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወይም ሁለቱ እግሮቹ ሲጫኑ ጎድጉደው ከቀሩ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

የሚሆን ምክር

በአንድ ጉብኝት አንድ ነገር። ሁለት ከሆነ ሁለቱም ይጠፋሉ። የምትመክሪውም ቤቱ የሚችለውን ይሁን። «እንቁላል አብዪው» ማለት ቀላል ነው፤ እንቁላሉ ግን የቤቱ ጨውና ጋዝ ነው። እኔ «በሳምንት ስንት ይጣላል? ከዚያ ሁለቱ ለዚህ ልጅ ይቅሩለት» ብዬ እደራደራለሁ። የተገኘው ሁለት ነው፣ እሱንም በሚቀጥለው ጊዜ እጠይቃለሁ። ፊት ለማጠብ ውሃ የለም ለሚሉኝ አምስት ሊትር ጀሪካን በምስማር በስታ፣ የእስክሪብቶ ቀፎ ሰክታ፣ በሽቦ በር ላይ ያንጠለጠለችዋን ጎረቤት አሳያለሁ። ለእጅ ሳሙና ከሌለ አመድ አለ። ስትወጪ «ገባሽ?» አትበያት፣ «ገባኝ» ትልሻለች። «ባልሽ ሲመጣ ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ?» በያት።

ምስጢርም ጠብቂ። የአንድ ሰው ቤት ብቻ እየተመላለስሽ የምትገቢ ከሆነ ሳምንት ሳይሞላ ጎጡ በሽታውን ያወጣለታል። የኤች አይ ቪ ወይም የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው ስትከታተዪ በግራና በቀኝ ያሉትንም ጎረቤቶች ጎብኚ። ሦስት ቤት ትገቢያለሽ፣ ጉዳይሽ ያለው በአንዱ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለውን አክታውን ላኪ። የቲቢ መድኃኒት የጀመረው ስድስት ወሩን ሳይሞላ «ጻድቃኔ ማርያም ጠበል እገባለሁ» ቢልሽ አትከልክዪው፤ ከከለከልሽው ክኒኑን ጥሎልሽ ይሄዳል። ክኒኑን ቆጥረሽ ቋጥረሽ ስጪው፤ ጠበሉንም ክኒኑንም አንድ ላይ እንዲይዝ ንስሐ አባቱ ይንገሩት። አባቶች ሲናገሩት ይሰማል፤ የእኔን ሃያ ጊዜ ከሚሰማ የእሳቸውን አንዴ።

ማስታወሻሽን ከግቢው እንደወጣሽ፣ የመጀመሪያው ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ጻፊ፤ ጤና ጣቢያ እስክትደርሺ አራቱ ቤቶች አንድ ቤት ይሆኑብሻል። የቤተሰብ ማህደሩ ላይ የሚገባው አለ፣ ለራስሽ የምትይዢው አለ። የመመለሻሽን ቀን ሰዎቹ በሚቆጥሩበት አቆጣጠር ንገሪያቸው። እኔ ደብተር ላይ ያለፈው ሳምንት እንዲህ ይላል፦ «ከወፍጮው በላይ፣ ሦስተኛው ቤት። ለጊዮርጊስ። ሕፃኗ ትመዘን፣ 10ኛ ሳምንቷ ነው። እንቁላል ሁለት። አማቲቱ ጥርሳቸውን አሟቸው ነበር፣ ጠይቂ። ውሻው ታሥሯል።»